ሁለቱ ድንኳኖች

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዱንያ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች ወረቀት ከመድረሷ በፊት ጤናና ሰላም ቀድመዋት ቤትሽ ገብተው ይጠብቋት። ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ቢሆን የስፌት መኪናዬን ፔዳል እስከረገጠልኝ ድረስ አላማውም።

በስልክ ለምን አናወራም ብለሽኛል። ስልክ ላይ ስናደድ የሱቁ ደንበኛ ሁሉ ይሰማል፤ መስመሩም ልክ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ይቆረጣል። ወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ተናድጄ መፈረም እችላለሁ።

ባለፈው የሸራ መርፌ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፤ ተይው። የዕድራችንን ድንኳን ልጠግንበት ነበር የፈለግሁት። ያንን ድንኳን ታውቂዋለሽ፤ እናትሽን የቀበርን ጊዜ ከሥሩ ተቀምጠሻል። በእጄ የሰፋሁት ነው። ከዚያ ወዲህ መቱ ላይ የዘነበው ሁሉ በላዩ ወርዶ አሁንማ ከውጪው ይልቅ ውስጡ ይብሳል።

ባለፈው ሳምንት የእትዬ ዘውደነሽ ባለቤት አረፉ። እትዬ ዘውደነሽ አሁንም የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ አራርሳ ሰው ሰብስቦ፣ እኔ ድንኳኑን ላስተክል ስል የሱሌማን ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ሱሌማን ማለቴ የእትዬ ሚስኪ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ሱሪውን የሰፋሁለት፣ ዛሬ ከመቱ እስከ ጎሬ ያለውን ቡና በአንድ እጁ የሚገዛው። ራሱ አልመጣም። ሾፌሩ አብነት ሁለት አዳዲስ ድንኳኖች አወረደ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሰማያዊው ለክርስቲያኑ፣ አረንጓዴው ለሙስሊሙ፣ ስጦታው ከሱሌማንና ከአቶ ዲበኩሉ ነው አለን። አቶ ዲበኩሉ የምክር ቤት ተመራጫችን ነው፤ ስለ ወግና ባህል ሳያወራ ውኃ የማይጠጣ ሰው።

እንግዲህ የእኛን ሥርዓት ታውቂዋለሽ። የሱቅ ረድፉ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከጥንት ጀምሮ ቢላው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ ነው፤ ድንኳኑ ግን አንድ። ሁለት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ነገር አይመለስም፤ ነውር ነው። ሁለቱንም ተከልናቸው። ሰዉም ሰጪው እንዳይከፋው በይሉኝታ እኛ አረንጓዴው ውስጥ፣ እነሱ ሰማያዊው ውስጥ ገባን። ባለቤቷ የሞተባት ሴት እያለች ስለ ድንኳን ቀለም እንዴት ይወራል?

ከቀብር በኋላ ስም ተጠራ። ጁባ ያለው የሟች ወንድም ሲጠራ፣ ሩቅ አገር ላለ አባል እንደምንለው "መንገድ ላይ ነው" አልንለት። ሱሌማን ሲባል ግን አብነት "አቤት" አለ። ማንም ስለ ማንም አቤት አይልም የሚለውን ደንብ የማስከብረው እኔ ዳኛው ነኝ። ሆኖም ድንኳን በሰጠ ሰው ላይ በዚያው ቀን መናገር ከበደኝ። አሁን ስጽፍልሽ ይቀፈኛል።

ገንዘብ አትላኪ። ወሬሽን ላኪ።

አጎትሽ ሙራድ


ጄኔቫ፣ ጥር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ሙራድ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ሰላምታዬ ከጉልበትዎ ይጀምርና እስከ ቆብዎ ይድረስ። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ መልሱን ደግሞ እኔ አዘገየሁት። ይቅር ይበሉኝ።

መርፌዎቹን ገዝቻቸው ነበር፤ እዚህ ሐይቁ ዳር የጀልባ ሸራ ከሚሰፉ ሰዎች ሱቅ። ተይው ካሉኝ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጡ።

ሥራዬ ያው ነው፤ አንዲት ሀብታም አሮጊት አስታምማለሁ። ማዳም እላቸዋለሁ። ልጃቸው እንደ አቶ ዲበኩሉ የምክር ቤት ተመራጭ ነው፤ ወግ አጥባቂ ከሚባሉት ወገን። ሰሞኑን ምርጫ ስላለ ፊቱ በየትራም ማቆሚያው ተለጥፏል፤ ከፊቱ በታች "ቤታችን ሞልቷል" ይላል። ከውጭ የመጣነውን ማለቱ ነው። ጋሼ፣ ያደገበትን ቤት የማጸዳው እኔ ነኝ። ኮረብታው ላይ ያለ ትልቅ ቤት ነው፤ ማዳምና እኔ ብቻ ነን የምንኖርበት። አብዛኛውን ክፍል የምከፍተው አቧራ ልጠርግ ነው። የሞላው በአቧራ ከሆነ እውነቱን ነው።

እሑድ እሑድ ብቅ ይላል። ኮቱን አያወልቅም። የእናቱን ግንባር ሳም ያደርግና ሰዓቱን ያያል። ባለፈው በር ላይ "አንቺ እኮ እንደነሱ አይደለሽም" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ማመስገኑ ነው። ፈገግ አልኩለት። ከሄደ በኋላ እጄን ታጠብኩ፤ ከታጠብኩም በኋላ አልለቀቀኝም።

ሱሌማንና አቶ ዲበኩሉ ወደዚህ ሊመጡ ነው የሚል ወሬ በእኛ ሰዎች ዘንድ ይናፈሳል። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ብቻ እርስዎ ከሱሌማን ጋር ባይጣሉ ደስ ይለኛል። የአገር ልጅ ነው፤ እትዬ ሚስኪም አሉበት። ድንኳን መስጠቱ ደግሞ ምን ክፋት አለው? ቢያንስ ሰው አይረጥብም።

እትዬ ሚስኪን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ዱንያ


መቱ፣ መጋቢት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዱንያዬ፤

አላህ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ተመራጭ ይጠብቅሽ። ደህና ነሽ ወይ? እኛ ዝናብ ሳይጠግበን አለን።

የማዳምሽን ልጅ ነገር ለአራርሳ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ከሳቁ ሲመለስ "እነሱም አገር ዲበኩሉ አለ በለኛ" አለ። አለ እንጂ። ልዩነቱ የእነሱ ኮት ይለብሳል፣ የእኛ ጥልፍ።

የእኛውን ስሚ። በቀደም የአራርሳ አማት ሞቱ። አቶ ዲበኩሉ ለቅሶ ሊደርስ መጣ፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ። ለቅሶ ቤት በድምፅ ማጉያ! ሰማያዊው ድንኳን አፍ ላይ ቆሞ አባቶቻችን ተለያይተው ተከባብረው ኖሩ፣ መደባለቅ የዛሬ ዘመን በሽታ ነው፣ ልጆቻችንንም ለውጭ አገር ጠባይ አንሰጥም አለ። አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ከኋላው እየተከተለ ይቀርጽ ነበር፤ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን እኛንም፣ ድንኳኖቹንም።

አባቶቻችን የሚለው የትኞቹን ነው? የገዛ አባቱ ሲሞቱ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከኋላ የተሸከመው የእትዬ ሚስኪ ባል፣ የሱሌማን አባት ነበር። ጭቃ ነበረና ጫማችን እየተነቀለ ነበር የወጣነው። ዲበኩሉ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፤ አጠገቤ እያለቀሰ ሲሄድ ትከሻዬን ይዞ ነበር። ይህንን ሁሉ ረስቶ ከሆነ ጅል ነው፤ ሳይረሳ ከሆነ ደግሞ ስም አላወጣሁለትም።

እየተናገረ ሳለ ዝናቡ ወረደ። ሁሉም ወደየድንኳኑ ሮጠ። እትዬ ሚስኪ ብቻ በሁለቱ መካከል ቆመው ቀሩ። ዕድሩን ከመሠረቱት በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ታውቂያለሽ። ልጃቸው ቪላ ሠርቶላቸው እንኳ ከሱቅ ረድፉ ጀርባ ካለችው ክፍላቸው አልወጣም ብለው ሽንኩርታቸውን ይሸጣሉ። ይግቡ እንጂ አልኳቸው።

"የቱ ነው የኛ?" አሉኝ።

ልብሳቸው እስኪንጠባጠብ ድረስ እዚያው ቆሙ፤ እኔም አብሬያቸው።

ሱሌማን ደግሞ የሁሩሙን መንገድ ጠገንኩ ብሎ ከዲበኩሉ ጋር ሪባን ቆረጠ። ጨረታውን ማን እንደሰጠው አትጠይቂኝ። ሰሞኑን ዕቃ ቤታችንና ዋንዛው ያሉበትን የዕድሩን ቦታ በሜትር የሚለኩ ሰዎች እየመጡ ነው። ለምን ስንላቸው "ለልማት" ይላሉ፤ የማን ልማት ስንላቸው ሜትራቸውን ይጠቀልላሉ።

ሰዉ ግን ድንኳኖቹን ወዷቸዋል። አያፈስሱም። ይህ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።

አጎትሽ ሙራድ


ጄኔቫ፣ ግንቦት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙራድ፤

ሰላምታዬን በአንድ ቃል ልጨርሰው፤ የምነግርዎት ይቸኩላል። በስልክ ሞከርኩ፤ መቱ መስመር የለም። ስለዚህ ይህንን ለእረፍት ወደ አገር ለምትገባው ለጓደኛዬ ለነኢማ ሰጥቻታለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ መቱ በሚወርድ ሰው ትልክልዎታለች። ምናልባት ዘግይቶ ይደርስዎት ይሆናል፤ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ሱሌማንና አቶ ዲበኩሉ መጡ። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው የእኛን ሰዎች ጠሩ። አቶ ዲበኩሉ በጥልፍ ልብስ ስለ አገር ፍቅር ተናገረ፤ ያስለቀሳቸውም ነበሩ። ከዚያ ሱሌማን መቱ ላይ ሊያቆመው ያሰበውን ሆቴል በስዕል አሳየ። አክሲዮን ግዙ ነው ነገሩ። "ከመሀል ከተማ ያገኘነው ባዶ ቦታ" አለ።

ጋሼ፣ ባዶ ያለው ቦታ ላይ ዋንዛው ቆሟል። ፎቶው ጥግ ላይ የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ይታያል፤ እናቴ የሞተች ጊዜ ሰሃን ላመጣ የተላክሁበት። ተነሥቼ ዕድሩስ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የመለሰልኝ አቶ ዲበኩሉ ነው፤ በትሕትና። "እህቴ፣ ያ ዕድር የለም። በገዛ ፈቃዱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ድንኳን ተቀብለዋል። ቦታው የተሰጠው ለቀድሞው ዕድር ነበር። የሌለ ዕድር ቦታ የለውም።" ከዚያ ቪዲዮ አሳየን። ሰማያዊና አረንጓዴ ድንኳን፣ በመካከላቸው ዝናብ። የአራርሳ ሚስት ስታለቅስ እንኳ ቀርጸዋታል። እዚህ ጄኔቫ፣ በእጃቸው ብርጭቆ በያዙ ሰዎች ፊት፣ የእሷ ልቅሶ ለአክሲዮን መሸጫ ሆነ። ሰዉም አጨበጨበ። እትዬ ሚስኪንና እርስዎን በመካከሉ ሲረጥቡ አየኋችሁ፤ ማንም ልብ አላላችሁም። ልጃቸው ሱሌማን እንኳ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ስወጣ ሱሌማን በር ላይ አገኘኝና አጎትሽ አርጅተዋል፣ ምከሪያቸው፣ ለአንቺም ሱቅ አናጣልሽም አለኝ። አቶ ዲበኩሉ ደግሞ ቀረብ ብሎ ለሴት ልጁ እዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዳፈላልግለት ጠየቀኝ። ልጆቻችንን ለውጭ ጠባይ አንሰጥም ያለው እሱ። በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።

ባይጣሉት ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ። መርፌዎቹ ከደብዳቤው ጋር አሉ።

ዱንያ


መቱ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዱንያ፤

እንዳልሽው ዘግይቶ ደረሰ። ነኢማ ሰው አጥታ ይሁን መንገድ ተዘግቶ አላውቅም፤ ብቻ ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ዋንዛውን ቆርጠውታል። እትዬ ሚስኪንም ከክፍላቸው አንሥተው ወደ ልጃቸው ቪላ ወስደዋቸዋል፤ በር ላይ ዘበኛ አለና እንደልባቸው አይወጡም።

ደብዳቤሽን ለእትዬ ዘውደነሽና ለአራርሳ አነበብኩላቸው። እትዬ ዘውደነሽ ለባለቤቷ ለቅሶ የመጣው ድንኳን ዕድሩን ሊያርድ የመጣ መሆኑን ስትሰማ ማልቀስ አልቻለችም፤ ትንፋሿ ብቻ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ይቅርታ፣ አንቱ ማለቱን ረሳሁ፤ እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ታናሽ እህቴ መሰሉኝ።

ሦስታችን የመሬት ቢሮ ሄድን። ጠዋት ገብተን ከሰዓት በኋላ ሰው አናገረን። ጄኔቫ ላይ የሰማሽውን ቃል በቃል ደገመልን፤ የሌለ ዕድር ቦታ የለውም። እኔ አለሁ፣ እሳቸውም አሉ፣ እሱም አለ አልኩት። "እንደ ግለሰብ" አለኝ። ሱሌማንና ዲበኩሉ ለቅሶ ቤት የመጣ አይመለስም የሚለውን ሥርዓታችንን ያውቃሉ፤ እዚሁ ነው ያደጉት። ያንን አውቀው፣ በቀብር ቀን፣ እምቢ በማንልበት ሰዓት አመጡልን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። ሌባ ቢሰርቀኝ እሰድበው ነበር። እነዚህ በጨዋነታችን ገብተው ወሰዱት፤ ለዚህ የሚሆን ስድብ የለኝም።

ሁለቱን ድንኳኖች እንመልስ ያሉ ነበሩ። አራርሳ ግን "ወጉን እነሱ ቢያፈርሱት እኛ አናፈርሰውም። አይመለስም፤ አይተከልምም" አለ። ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

አሮጌውን ድንኳን አራርሳ ሁሩሙ ወስዶ የማር ቀፎ ሸፍኖበት ነበር። አመጣልኝ። ሰም ሰም ይሸታል፤ አይጥም ነክሶታል። በመርፌሽ እየሰፋሁት ነው። ነገር ግን ስብሰባ ስንጠራ ከአባሉ እኩሌታው አልመጣም። ቡናቸውን የሚገዛቸው ሱሌማን ነው፤ አልፈርድባቸውም። ደረቅ ድንኳን ለምደው እርጥብ አንገባም የሚሉም አሉ፤ በእነሱ እፈርዳለሁ።

ዕድሩ መኖር አለመኖሩን የሚነግረን የሚቀጥለው ቀብር ነው። አላህ ያርቀው እያልኩ፣ ደግሞ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አስመኙኝ።

ሙራድ


ጄኔቫ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎና ለቀሩት ሁሉ ይሁን።

ማዳም ሞቱ። አጥቤ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው ምርጫውን አሸንፎ ሥራ በዝቶበታል፤ ቀብሩ ላይ መጨረሻ መጣ፣ መጀመሪያ ሄደ። አንድ እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ስም የሚጠራ አልነበረም። ማን እንደቀረ የሚጠይቅ ከሌለ ማንም አልቀረም ማለት ነው መሰለኝ። ያን ትልቅ ቤት ሊሸጠው ነው፤ ሻንጣዬን ይዤ እንድወጣ አንድ ሳምንት ሰጥቶኛል። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፤ አያስቡ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ዕድሩ ካለ ስሜን ይጻፉልኝ። በእናቴ ስም ሳይሆን በራሴ። የሚጠራኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ዱንያ


መቱ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዱንያዬ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ላንቺ ጤና፣ ለማዳምሽ ያላገኙትን ዕረፍት፣ ለእኔ ደግሞ ይህንን ጽፌ እስክጨርስ ትዕግሥት ይስጠን።

እትዬ ሚስኪ ሞቱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በልጃቸው ቪላ፣ በተዘጋ በር ውስጥ። ሌሊት አርፈው ጠዋት ሰማን። አራርሳ ጡሩምባውን ሲነፋ ድምፁ ተሰበረበት፤ ሳልና ልቅሶ አንድ ላይ ያዘው።

ቪላው በር ስንደርስ ግቢው ውስጥ ከአዲስ አበባ በኪራይ የመጣ ነጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሩ ሁሉ ጨርቅ ለብሷል። ዘበኛው አላስገባንም። ወንበሮቹ ለእንግዶች የተያዙ ናቸው፣ ትልቅ ባለሥልጣን እየመጣ ስለሆነ ዕድርተኛ ውጭ ይጠብቅ ተብሏል አለን። የሱቅ ረድፉ ሰው፣ ከኖፓና ከሁሩሙ በእግሩ የመጣው ሁሉ፣ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ዝናቡ ጀመረ። ነጩ ድንኳን በአጥር በኩል ይታየናል፤ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ አሮጌውን ድንኳን አስመጣሁት። ቪላው በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ተከልነው። መጀመሪያ እትዬ ዘውደነሽ ገቡ። ከዚያ ሰማያዊ ለምደን አሮጌ አንገባም ያሉት፣ ቡናችንን ማን ይገዛናል ብለው ስብሰባ የቀሩት፣ ሁሉም ገቡ። ማን የት እንደተቀመጠ አላየሁም። ዳር ዳሩን ያፈስሳል፤ የሰፋሁት በኩል ግን ጠብ አላለም። አራርሳ በአይጥ የተበላውን ሸራ ቀና ብሎ እያየ "ዱቲ ሁንዳ ወል ቂጤስቲ" አለ። እውነቱን ነው፤ ሞት ሁሉን እኩል ያደርጋል። የሚለየው የድንኳን ባለቤት ነው።

የዙህር ሶላት አለፈ። ሴቶቹ እትዬ ሚስኪን አጥበው ገንዘው ጨርሰዋል። ሱሌማን የለም። የሚጠበቀው ባለሥልጣን መኪና ከሁሩሙ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሱሌማንና ዲበኩሉ ሊያወጡት ሄደዋል ተባለ። የተቀረቀረው ሪባን የቆረጡበት መንገድ ላይ ነው። ጠበቅን። የዐስር ሶላት ሲደርስ ኢማሙ ሬሳ ለባለሥልጣን አይጠበቅም አሉ። ከትውልድ አገራችን ወደ መቱ አብሬያቸው የመጣሁ እኔ ነኝና ኃላፊነቱን ወሰድኩ። ዘበኛው በሩን ከፈተ፤ እሱም አለቀሰ። አራርሳና እኔ ከፊት፣ የሱቅ ረድፉ ልጆች ከኋላ ሆነን በትከሻችን አወጣናቸው።

አፈሩን ከመለስን በኋላ ከመቃብሩ በር ላይ ስም ጠራሁ። ሁሉም አቤት አለ። ሱሌማን ስል አብነት ከሕዝቡ መሀል ቆሟል። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አቤት ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ በዚህ ቀን አፉን ልዘጋው ተዘጋጅቼ ነበር። ሁለተኛ ጠራሁ።

"በእናቱ ላይ አቤት አልልም" አለ አብነት።

ቀሪ አልኩ። ከእናቱ ቀብር ቀሪ።

ሰዉ ሲበተን መኪኖቹ ደረሱ። እስከ መስኮታቸው ጭቃ ናቸው። ሱሌማን መቃብሩን አይቶ ፊቱ ተለወጠ፤ ለአንድ አፍታ ልጅ መሰለኝና አንጀቴን በላው። ወዲያው ግን ዲበኩሉ ክንዱን ያዝ አድርጎ ወደ ካሜራው አዞረው። አካፋ ተሰጣቸው። የተመለሰውን አፈር ከጎን እያነሡ በላዩ ጣል ጣል አደረጉና ተቀረጹ። የመጀመሪያው ቀረጻ ደህና አልወጣም ተብሎ ደግመው አደረጉት። ዞሬ ሄድኩ።

አብነት በማግስቱ ከሥራ ተባረረ። ከሳምንት በኋላ ሱፍ የለበሰ ሌላ ሾፌር ሱቄ መጣ። የሱሌማንን የመቅረት ቅጣት ይዟል። ማንም ክፈል አላለውም፤ ወሬው ከተማውን ስለዞረ ቶሎ እንዲዘጋ ነው። ሰውዬው ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ደረሰኝ ጠየቀ። ለሒሳብ ክፍል ስለሚያስፈልግ የዕድሩ ማኅተም ይኑርበት አለ። አራርሳ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። "የሌለ ዕድር ማኅተም ምን ያደርግለታል?" አለው።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሱሌማን ልጅ ሆኖ ሱሪውን ስለካው እግሩን እያወዛወዘ አላስለካም ይለኝ ነበር፤ እናቱ ናቸው ይዘው የሚያቆሙት። የእናቱን ቀብር መቅረት በብር ዘጋው፤ ደረሰኝም ይፈልጋል። ብሩን መልሼ ሾፌሩ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። "ቅጣት ለሚያፍር ሰው ነው" አልኩት።

ዕድሩ ተሰብስቦ የሱሌማንንም የዲበኩሉንም ስም ሰረዘ። ቦታችን ሄዷል፤ አይመለስም። ሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል፤ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጥላው እላዬ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ሲሞቱ ሬሳቸውን የሚሸከም ሰው በደመወዝ ይቀጥሩ እንጂ የኛ ትከሻ አይነካውም። አሮጌው ድንኳን እትዬ ዘውደነሽ ቤት ነው። ሁለተኛው መርፌሽም ተሰብሯል፤ ስትችይ ሌላ ላኪልኝ።

ስምሽን በራስሽ ስም ጽፈናል። አብነትም አባል ሆኗል። ባለፈው ሐሙስ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ስንቀብር ስም ጠራሁ፤ ያንቺን ስጠራ እኔ መልሱን ሳልሰጥ አብነት ቀድሞኝ "መንገድ ላይ ናት" አለ።

አጎትሽ ሙራድ